ለክፉ ቀን የሚመረጥ ቤት

ሰው በሌላ አገር ጎጆ ሊቀልስ ሲነሣ ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በመልካሙ ቀን ላይ ነው። በካሪቢያን ደሴቶች ደግሞ መልካሙ ቀን እጅግ መልካም ነውና የማይታለል ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኩባ ሊሻገር የቆረጠው ጡረተኛ መምህር ግን እንግዳ አልነበረም። አገሩን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በልጅነት ዐይኑ ነበር።

አባቱ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ወረራ ጦርነት ወደቁ። እርሱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላከ። የገባው ከዋናው ደሴት በስተደቡብ በምትገኘው በወጣቶች ደሴት ነው። ቀድሞ የጥድ ደሴት ትባል የነበረችው ይህች ምድር ስሟ የተለወጠው በ1970 ዓ.ም. ነው። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የሌሎችም አገሮች ልጆች በየአዳሪ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ቀን እየተማሩ፣ ግማሽ ቀን በግሬፕፍሩት ማሳ እየሠሩ አደጉባት። ኋላም ሃቫና ተምሮ፣ የሃቫና ልጅ አግብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሚስቱም ሠላሳ ዓመት በባልዋ አገር ኖረች። አሁን በእርጅናቸው ወደ እርስዋ አገር ሊሄዱ ሲነሡ፣ «እኔ ያንተን አገር ለምጃለሁ፤ ቤቱን አንተ ቀድመህ ሄደህ ምረጥ» አለችው።

በኩባ ለብዙ ዓመታት ቤት በልዋጭ እንጂ በሽያጭ አይተላለፍም ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ሰዎች መኖሪያ ቤት እንዲገዙ ተፈቅዷል። ስለዚህ መምህሩ የልቡን መከተል ይችል ነበር። ልቡም በቀጥታ ወደ ባታባኖ ወደብ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ወጣቶች ደሴት ወሰደው።

የተማረበት ትምህርት ቤት መስኮቶቹ ወልቀው፣ ግቢውን አረም ውጦት አገኘው። ይሁን እንጂ በኑዌቫ ሄሮና ከተማ፣ ከላስ ካሳስ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት አሮጊት የሚሸጡት ትንሽ ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ሳይሆን ኮንክሪት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የዋናው ደሴት መብራት በሙሉ ሲጠፋ፣ የወጣቶች ደሴት የራሷ ማመንጫ ስላላት ከዚያ ጨለማ ተርፋ እንደነበር ሰምቷል። ሁሉም ነገር «ግዛ፣ ግዛ» የሚለው መሰለው።

በዋጋ ከተስማሙ በኋላ አሮጊቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራቸው፤ «ልጄ፣ በአውሎ ነፋስ ቀን በሩን ትከፍታለህ?»

እርሱም ነገሩ አልገባውም። እርሳቸውም አስረዱት። ነሐሴ 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጉስታቭ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታ የጎረቤቶቻቸው ጣሪያ እየተነቀለ ሄደ። የዚያን ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ከነሕፃናቱ፣ ከነዶሮው በዚህች ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ አደረ። «ግድግዳው የኔ ነው፤ ልሸጠው እችላለሁ። ጣሪያው ግን የሰፈሩ ነው» አሉት።

መምህሩ በሩን እንደሚከፍት ቃል ገባ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ያ ክፉ ቀን ቢመጣ፣ በስሙ ጠርቶ የእርሱን በር የሚያንኳኳ ማን ነው? አብረውት ያደጉት ልጆች ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሲገናኙ በስፓንኛ የሚቀላለዱትም እዚያው ነው። አስተማሪዎቹም በዚህች ከተማ የሉም። እርሱ ቤት የፈለገው ለካ ለልጅነቱ ኖሯል፤ ልጅነት ደግሞ በር አያንኳኳም። የሚስቱን በር የሚያንኳኩ ግን አሉ። ሃቫና ሁለት እኅቶች አሏት፤ ሠላሳ ዓመት ውቅያኖስ ከለያት በኋላ፣ ነፋስ በበረታ ቁጥር ጀልባ የሚቋረጥበትን ሌላ ባሕር በመካከላቸው ሊያኖር ነበር።

በማግሥቱ አሮጊቷን ይቅርታ ጠየቀ። እርሳቸውም አልተቀየሙትም።

ሃቫና፣ ቬዳዶ በተባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱት መንገዶች ጎዶሎ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንገዱ ከባሕሩ እየራቀ ወደ ዳገቱ ይወጣል። ታላቂቱ እኅት የምትኖረው በታችኞቹ ቁጥሮች፣ በምድር ቤት ነው። በጳጉሜን 2009 ዓ.ም. ኢርማ በተባለው አውሎ ነፋስ ባሕሩ ግንቡን ተሻግሮ ቤቷ ገብቶ ነበር። ቤት ፈላጊ ሁሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ መምህሩ ግን ቁጥር እየቆጠረ ሽቅብ ወጣ። ከ17ኛው መንገድ በላይ፣ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ በቀር ምንም የማያሳይ፣ ቀለሙ የተላላጠ ቤት አገኘ። መብራቱ እንደ ከተማው ሁሉ ይጠፋል፤ ውኃውም በተራ ነው። ደረጃው ግን አጭር ነው፤ አሮጊት ይወጣዋል።

ለሚስቱ ስልክ ሲደውል፣ «ባሕሩ ይታያል?» ስትል ጠየቀችው።

«አይታይም።»

ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «ስንተኛው መንገድ ላይ ነው?» አለችው። ነገራት። የእኅቷን መንገድ ቁጥር ከዚያ ላይ በልቧ ስትቀንስ በዝምታዋ ውስጥ ተሰማው። «ግዛው» አለችው።

መምህሩ በዚያው ሳምንት ቤቱን ገዝቶ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጸ። ቁልፉንም ሚስቱ እስክትመጣ ድረስ አላስቀመጠውም፤ ቁልቁል ወርዶ ለታላቂቱ እኅት ሰጣት።