«ደሜን አታቅጥኑብኝ»

ይህን የምንጽፈው አባታችን «ጻፉት፣ ሌላውም ይስማው» ስላሉን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 አባታችን ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ በእጃቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የጠበበውን የልብ ደም ሥር ከፈቱት፤ ተመልሶ እንዳይጠብም ትንሽ የብረት መረብ አኖሩበት። ይህን በዕብራይስጥ «ጺንቱር» ይሉታል። ከሆስፒታል ሲወጡ ከታዘዙላቸው መድኃኒቶች አንዱ በየቀኑ የሚወሰድ 100 ሚሊግራም አስፕሪን ነበር። ሮፌው «መዳሌል ዳም» አሉ። የሚያስተረጉመው የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድማችንም «አባ፣ ደም የሚያቀጥን ነው» አለ። ቃሉን እንዳለ ነው የተረጎመው፤ አንወቅሰውም።

ነገር ግን በእኛ አነጋገር የሚቀጥነው ወጥ ነው፤ እሱም ውኃ ሲበዛበት። ከሲታ ሰውም ቀጠነ ይባላል። አባታችን ደማቸውን ሊያደክሙባቸው መሰላቸው። ደግሞም አስፕሪንን ከአገር ቤት የሚያውቁት በራስ ምታት መድኃኒትነቱ ነው። «ራሴን ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?» ብለው በልባቸው ወሰኑ። ለእኛ ግን ምንም አልተናገሩም። ክኒኗን ከእጃችን ይቀበላሉ፣ ውኃውን ይጠጣሉ፣ እኛም ደስ ይለናል።

በ2023 አንድ ምሽት ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ ላብ አጠመቃቸው። 101 ደወልን። የአምቡላንሱ ሠራተኞች ገና ቤት ውስጥ ሳሉ ክኒን ሰጥተው «አኝከው ይዋጡት» አሏቸው፣ ከዚያም ወደ ሚዩን፣ ማለት ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ወሰዷቸው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። በማግሥቱ «ያቺ ያኘክኋት ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁን። አስፕሪን መሆኗን ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የክረምት ካፖርታቸውን ኪስ እንድናይ ነገሩን። ክኒኖቹ እዚያ ተጠራቅመው አገኘናቸው።

ነገሩን ያስረዳችን አማርኛ የምትችል አሖት ናት። ደሙ አይቀጥንም፣ ውኃም አይሆንም አለችን። በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም አርጊ ሕዋሳት አሉ። ቢላ ሲቆርጠን ተሯሩጠው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ቁስሉን ይደፍናሉ። በታመመ የልብ ደም ሥር ግን ግድግዳው ላይ የተጋገረው ስብ ሲሰነጠቅ እንደ ቁስል ቆጥረው እዚያው ይጣበቁና መንገዱን ይዘጋሉ። ለመጠራራት ትሮምቦክሴን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣሉ፤ ይህም ደም ሥሩን ይባስ ያጠብበዋል። አስፕሪን ሕዋሱ ይህን እንዳይሠራ ያግደዋል። ፕላትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው የታገደበትን መተካት አይችልም፤ እስኪሞት ድረስ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደታገደ ይኖራል። ነገር ግን መቅኔ በየቀኑ አዳዲሶችን ስለሚያመርት ክኒኗ በየቀኑ ታስፈልጋለች።

መጠኗ ለምን አነሰ ብለን ጠየቅን። የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ፕሮስታሳይክሊን የሚባል፣ ደም ሥርን የሚያሰፋና መጣበቅን የሚከላከል ነገር ያመርታል። አስፕሪን ይህንንም ያግዳል፤ ግን የግድግዳው ሕዋሳት ኒውክሊየስ ስላላቸው የታገደውን ይተካሉ። ትንሿ መጠን ፕላትሌቱን ዝም ታሰኛለች፣ ግድግዳውን ግን ብዙም አትጎዳም።

አስፕሪን በጀርመን አገር በ1897 ቢሠራም እንዴት እንደሚሠራ ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ነው፣ በ1971። በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በ1988 በወጣ ጥናት ደግሞ ከ17 ሺህ በላይ የልብ ድካም ድንገት የያዛቸው ሰዎች ታይተው፣ አስፕሪን በተሰጣቸው ዘንድ በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ምክንያት የሚደርሰው ሞት አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። ይህን ስንሰማ አባታችን አንገታቸውን ደፉ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አክስታችን ይህን ሰምተው «ልብን የሚጠብቅ ከሆነ ለእኔስ?» ብለው ከአባታችን ሣጥን በስውር መውሰድ ጀመሩ። ልባቸው ጤነኛ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ጨጓራቸው ደምቶ ነው። አስፕሪን የጨጓራን መከላከያም ያሳሳል፤ ፕላትሌቱም ስለታገደ ደሙ ቶሎ አይቆምም። በ2018 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች የልብ ሕመም ላልነበረባቸው ሰዎች ጥቅሙ ትንሽ፣ መድማቱ ግን እውነተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በ2022 የአሜሪካ ባለሙያዎች ልባቸው ያልታመመ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለመከላከል ብለው አዲስ እንዳይጀምሩ መክረዋል። አክስታችን ተቆጡን፦ «ለወንድሜ መድኃኒት፣ ለእኔ መርዝ?» አዎ፣ እንዲያ ነው አልናቸው፤ ለማሳመን ግን ከአባታችን ይልቅ አስቸገሩን።

አሁን ሣጥኑ ይቆለፋል። አባታችን ክኒኗን ከቁርስ በኋላ በፊታችን ይውጣሉ፤ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ሲሄዱ የልብ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያቋርጧትም። ወንድማችንም ትርጉሙን ቀይሯል፦ «ደም እንዳይጣበቅ የምታደርግ»። አባታችን ግን አጭር ስም አውጥተውላታል፤ «አትጣበቂ» ይሏታል።