በብር ላይ የተቀረጸችው እመቤት

በ18ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይና የኦስትሪያ መኳንንት በመዳፍ ውስጥ በምትያዝ ጥቃቅን ሥዕል መልካቸውን ያስነሡ ነበር። በዚያ ዘመን ከተነሡት ጥቃቅን ምስሎች ሁሉ እስከ እንጦጦ ተራራ የዘለቀው ግን በቀለም የተሣለ ሳይሆን በብር ላይ የተቀረጸ ነው። እርሱም የኦስትሪያዋ ገዥ፣ የፈረንሳይዋ ንግሥት የማሪ አንቷኔት እናት፣ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ነው። እመቤቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ጠገራ ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል።

ከእንጦጦ እስከ የካ ግርጌ ይመላለስ የነበረው ገበያተኛ ሴትዮዋ ማን እንደነበረች ላያውቅ ይችል ነበር፤ ምስሏን ግን ከማንም ሐያሲ ይበልጥ አጥንቶት ነበር። በትከሻዋ ያለውን ጌጥ፣ የዕንቁዎቹን ቁጥርና የጸጉሯን ማስጌጫ ይመረምር ነበር፤ የተፋቀውንና የደበዘዘውን ይመልስ ነበር።

በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የደፉት ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ በፓሪስ አስቀረጹ። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ይህ ብር በክብደቱ ከጠገራው ጋር ተመጣጣኝ፣ 28 ግራም ያህል ነበር። አንበሳውም በጀርባው አለ። ሕዝቡ ግን የለመዳትን እመቤት ወዲያው አልለቀቀም። መልክን በብር ላይ ማስቀረጽ የንጉሥ ሥልጣን ነው፤ በመልኩ ማመን ግን የገበያተኛው ነው።

ከሁለቱም የበለጠ ሥልጣን የነበረው አንጥረኛው ሳይሆን አይቀርም። ጠገራውን በእሳት አቅልጦ የአንገት መስቀልና የእግር አልቦ ሲያደርገው የእመቤቲቱ መልክ ጠፋ፤ ብሩ ግን የሀገር ልጅ ጌጥ ሆኖ ቀረ።