በዕጣ የደረሰችኝ ኔፓል

ዕጣ ሲወጣ ለእኔ የደረሰችኝ ኔፓል ነበረች። የእንግሊዝኛ መምህራችን እያንዳንዳችን የአንድ ሩቅ አገር ሥነ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አንብበን ለክፍሉ በአማርኛ እንድናስረዳ ባዘዙን ጊዜ፥ ለጓደኞቼ ሩሲያና ናይጄሪያ ሲደርሳቸው፥ እኔ ስለ ኔፓል ከተራራዋ ከፍታ በቀር የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ እጅግ አዘንሁ። ጓደኞቼም «እንግዲህ ኤቨረስትን ተርጕምልን» እያሉ ሳቁብኝ።

መጀመሪያ በቀጥታ በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን፥ ሳምራት ኡፓድያይንና ማንጁሽሪ ታፓን፥ አነበብሁ። መልካም ጸሓፊዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ የውጭ አገር ሰው በአጠገባቸው ተቀምጦ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ የሚጠይቃቸው ይመስለኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ መስማት ነው። ስለዚህ ወደ ትርጕሞቹ ዞርሁ።

መምህራችን የሰጡኝ «ሙና ማዳን» የሚባለውን ግጥም ነው። ደራሲው ላክሽሚ ፕራሳድ ዴቭኮታ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1909 ተወልዶ በ1959 የሞተ ታላቅ ባለቅኔ ሲሆን፥ ግጥሙን ያሳተመው በ1936 ነው። (ኔፓሎች የራሳቸው የዘመን አቈጣጠር አላቸው፤ እኛ ከፈረንጅ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስንቀር እነርሱ ወደ 57 ዓመት ይቀድማሉ። ከእኛ በቀር ፈረንጅን በዓመት የማይከተል ሕዝብ ማግኘቴ ደስ አሰኘኝ።) የአገሩ ሊቃውንት የሳንስክሪትን ከፍተኛ የግጥም ስልት ሲያከብሩ፥ ዴቭኮታ ግን ተራው ሕዝብ በኮረብታው ላይ የሚዘፍነውን ጅያውሬ የሚሉትን ዜማ መረጠ። ሊሞት ሲል «ሥራዎቼ ሁሉ ቢቃጠሉ ሙና ማዳን ብቻ ይቅርልኝ» የሚል ቃል ተናግሯል ይባላል።

ታሪኩ አጭር ነው። ማዳን ሚስቱን ሙናንና አሮጊት እናቱን በካትማንዱ ትቶ ገንዘብ ሊያገኝ ወደ ቲቤት፥ ወደ ላሳ ከተማ ይሄዳል። ሙና አትሂድ ብላ ትለምነዋለች። ጥቂት ጊዜ ብሎ የሄደው ሰው ብዙ ይቈያል። ሲመለስም በመንገድ ይታመማል፤ ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። የራሱ ወገኖች የጣሉትን አንድ ቲቤታዊ አንሥቶ ያስታምመዋል፤ የማዳን ወገኖች ግን እንደዚህ ያለውን ሰው ዝቅ አድርገው የሚመለከቱ ነበሩ። ማዳን ውለታውን በወርቅ ሊመልስ ቢለምነው ሰውየው እንቢ ይላል።

የመጨረሻውን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዕሬን እንዳነሣሁ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቸገርሁ። ሙና ማዳንን «አንተ» ትለዋለች ወይስ «እርስዎ»? «ዩ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል ለንጉሡም ለእረኛውም አንዲት ናት፤ ሁሉን ደፍናዋለች። በኔፓልኛ ግን ታ፥ ቲሚ፥ ታፓኢ የሚባሉ፥ እንደ አክብሮቱ መጠን የሚለያዩ ቃላት እንዳሉ አንብቤ ነበር።

ታላቅ እኅቴ ለሁለት ዓመት ብላ ወደ ዶሃ ከሄደች አሁን አራት ዓመቷ ነው። በምትሠራበት ቤት አብራት የምትሠራ አንዲት ኔፓላዊት አለች። ስለዚህ ደውዬ «እትዬ፥ እስቲ ጠይቂልኝ» አልኋት። የግጥሙን ስም ስትሰማ ሴትዮዋ ሳቀች፤ ከዚያም ሳሕን እያጠበች መጀመሪያውን በቃሏ ታዜመው ጀመር። እትዬ ስልኩን አስጠጋችልኝ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ፈልጌ ያጣሁት ዜማ ያ ነበር። መልሱም እንዲህ ሆነ፤ ሙና ማዳንን በከፍተኛው አክብሮት ታነጋግረዋለች፤ እርሱ ግን በመካከለኛው ይመልስላታል። ስለዚህ «እርስዎ» ብዬ ጻፍሁ።

እሑድ ቡና ሲፈላ ለእማዬ አነበብሁላት። ሙና «አይሂዱብኝ» ስትል እማዬ ስኒውን አስቀምጣ «እናቴም አባቴን እንዲሁ ነበር የምትለው» አለች። በክፍል ውስጥ ይህን አንቱታ የሰማ ተማሪ ሁሉ ሲስቅ እርሷ አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ አዳመጠችኝ፤ የቲቤቱ ሰው ዘንድ ስደርስ «ይባርከው» አለች። ገጹን ስገልጥ ግን አቋረጠችኝና «ቈይ፤ ተገናኙ ወይ? ንገረኝ» አለችኝ።

በክፍል ውስጥ «ተርጓሚ ከራሱ አንዳች አይጨምር፥ አንዳችም አይቀንስ» ብዬ አጥብቄ የተከራከርሁ ሰው ነኝ። «አዎን፥ በደኅና ተገናኙ» አልኋት፤ ወረቀቱንም አጠፍሁት። እርሷም «ተመስገን» ብላ ሁለተኛውን ቀዳች።

ይህ መጽሔት ለወላጆችም የሚታደል ስለ ሆነ እማዬ ታነበዋለች። ስለዚህ በአፌ ያልቻልሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። እማዬ፥ አልተገናኙም። ማዳን ሞቷል የሚል የሐሰት ወሬ ቀድሞት ደርሶ ነበርና ሙና በሐዘን ሞተች፤ እናቲቱም አረፈች፤ እርሱም ከእነርሱ በኋላ ብዙ አልቈየም። ደብቄሽ ነው።

እትዬ ትናንት ደውላ ነበር። ጓደኛዋ «ወንድምሽ መጨረሻውን እንዴት አድርጎ መለሰው?» ብላ ትጠይቃለች አለችኝ። እስካሁን አልመለስሁላትም።