ገደል ውጣ

በእኛ ቋንቋ ገደል የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ነገር አይደለም። የተናደደ ሰው «ገደል ግባ!» ይላል፤ ያልተሳካ ንግድ ገደል ይገባል፤ ፍሬን የበጠሰ መኪና የሚገባውም ያው ገደል ነው። «ገደል ውጣ» ብሎ የረገመም የመረቀም ሰው ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ከአቀማመጣችን የመጣ ይመስለኛል። ደገኛ ገደልን የሚያየው ከላይ፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ነው። ያንኑ ድንጋይ ከሥር ቀና ብሎ ለሚያየው ግን ስሙ ሌላ ነው፤ አምባ ይለዋል።

ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ከኑረምበርግ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ደን ውስጥ፣ አንገቴ እስኪደነዝዝ ሽቅብ እያየሁ ነው። ከላዬ አንድ አናጢ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ አለት ያንኳኳል። እኔ ከታች መሣሪያ አቀብላለሁ፣ ቴርሞስ እጠብቃለሁ። ከቅዳሜ ቡናችን በመቅረቴ አንዲት እናት ኋላ ወቅሰውኛል።

«የት ጠፋህ ልጄ?»

«አለት ላይ መንገድ ስንሠራ ነበር» አልኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ለማን? ለዝንጀሮ?»

ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ።

ሠፈሩ ፍራንከንዩራ ይባላል። ጀርመን ሲባል አልፕስን አስቦ የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ቅር ይለዋል፤ የኖራ ድንጋይ ቋጥኞች ከዛፍ መካከል ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ፣ ብዙዎቹ ከአምስት ፎቅ ቤት አይበልጡም። ብዛታቸው ግን ከ1,000 በላይ ነው፤ በላያቸውም ከ10,000 የሚበልጥ መንገድ ተቆጥሯል። መንገድ ስል አስፋልት አይታያችሁ። ስድስት ወይ ሰባት የብረት ቀለበት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ገመድ አሳልፎ መውረጃ፤ በቃ፣ መንገዱ ይኸው ነው። ወጪው በእጁና በእግሩ ድንጋዩን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ቀለበት ጋ ሲደርስ መንጠቆ ሰክቶ ገመዱን ያሳልፍበታል። ከወደቀ የሚይዘው እሱ ነው።

ድንጋዩን ብቻ የሚለው ነገር ከዚሁ ሠፈር የተስፋፋ ነው። ቀድሞ ሰው ብረቱን እየሳበ፣ በብረቱም ላይ እየቆመ ይወጣ ነበር። በ1975 (እዚህ ላይ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ኩርት አልበርት የሚባል የኑረምበርግ ልጅ፣ ኋላ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር የሆነ፣ ብረቱን ለወደቀ ቀን ብቻ ትቶ መውጣት ያዘ። መንገዱን እንዲህ አድርጎ ከጨረሰ ሥሩ ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ ያደርግበታል። ሮትፑንክት፣ ቀይ ነጥብ። ዛሬ ቃሉ በየቋንቋው ገብቶ የአለት ወጪዎች ሁሉ መለኪያ ሆኗል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቀለሙ ነው። በአንዳንዱ አለት ሥር እስካሁን ደብዝዞ ይታያል፤ አርሞ የጨረሰ መምህር የተማሪ ደብተር ላይ ያኖረው ምልክት ይመስላል።

አናጢው ከላይ በገመድ ሲወርድ የመጀመሪያ ሥራው ማንኳኳት ነው። ትንሽ መዶሻ ይዞ፣ ክንድ በክንድ እየወረደ፣ ቷ፣ ቷ፣ ቷ ያደርጋል፤ ጆሮውን ያስጠጋል። ገበያ ወርዳ ጀበና የምትገዛ ሴት በጣት አንጓዋ መታ መታ አድርጋ ታዳምጥ የለ? እንደዚያው ነው። ጤነኛ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ከኋላው የተሰነጠቀው ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ዱብ ይላል። ዱብ ያለውን በብረት ይፈለቅቀዋል፤ እኔ ዛፍ ተከልዬ ሲወርድ አያለሁ። ሁለት ቅዳሜ በዚህ አለፈ። አንድም ቀዳዳ አልተበሳም።

መሰርሰሪያው በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ኖራ ድንጋዩን እንደ ቅቤ ይገባበታል። 12 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት። ሥራው አለቀ ስል ገና መጀመሩ ሆነ። በላስቲክ መንፊያ አቧራውን ነፋ፤ የሕፃን ጡጦ ማጠቢያ በሚመስል ብሩሽ ውስጡን አሸ፤ መልሶ ነፋ፤ መልሶ አሸ። «ይበቃዋል» አልኩት ከታች። «አቧራ ከቀረ፣ ቀለበቱ የሚተከልበት ማጣበቂያ የሚይዘው አቧራውን ነው» አለኝና አምስተኛ ጊዜ ነፋ። በአውሮፓ ደረጃ አንዱ ቀለበት ወደ ታች ሲጎተት 25 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት፤ ወደ ሁለት ቶን ተኩል ነው፣ ስድስት የሰባ ሰንጋ እንበለው።

አዲስ አበባ ቤታችን የአባቴ የምረቃ ፎቶ የተሰቀለበት ፊሸር ትዝ አለኝ። ፊሸር የሰው ስም መሆኑን የነገረኝም ይኸው አናጢ ነው፤ አርቱር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1958 የፈለሰፈው ነው። የእኛው ፊሸር በዓመቱ ከነፎቶው ወረደ። አሁን ሳስበው ቀዳዳውን የነፋለት ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የሚያከራክረው ቦታው ነው። ሦስተኛው ቀለበት የት ይሁን? አናጢው አንድ ሜትር ከዘጠና ይሆናል፤ እጁን ሲዘረጋ ማለቂያ የለውም። በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ ቆም ብሎ ወደ ታች አየኝ። «አንተ ና» አለ። ቁመቴን እዚህ አልናገርም፤ ፎቶ ስንነሳ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምቆመው። ከላይ በታሰረ ገመድ እየተጎተትኩ፣ እያማተብኩ ወጣሁ። «ያንን ጨብጥ። አሁን ዘርጋ።» ዘረጋሁ። ምልክቱ ጋ ለመድረስ ስንዝር ይቀረኛል። ምንም ሳይናገር በመዳፉ አጠፋውና ስንዝር ዝቅ አድርጎ አሰመረ።

ነገሩን ኋላ ቡና ላይ አስረዳኝ። ሰው ገመዱን ወደ ቀለበቱ ለማሳለፍ ሲስብ ትርፍ ገመድ እጁ ላይ አለ፤ በዚያች ቅጽበት ቢያመልጠው የትርፉን ያህል ጨምሮ ነው የሚወርደው። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቀለበት ላይ ሲሆን ደግሞ መሬት ገና ቅርብ ነው። ስለዚህ ቀለበት የሚቀመጠው ደህና ድንጋይ በተገኘበት ብቻ ሳይሆን፣ ተደላድሎ ከሚቆምበት ቦታ እጅ በሚደርስበት ነው። የማን እጅ? ልብስ ሰፊ እንኳ ደንበኛውን ፊቱ አቁሞ ነው የሚለካው፤ ይህ ሰው የሚለካው ገና ያልመጣን ሰው ነው። ለጊዜው የተገኘሁት እኔ ነበርኩ።

ማብዛትም ነውር ነው። በየክንዱ ብረት ከተተከለ መሰላል ሆነ ማለት ነው፣ ይላሉ። ጠቡ የቆየ ነው። በ1958 ዋረን ሃርዲንግ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ካፒታን የሚባለውን ግዙፍ ግድግዳ ሲጨርስ፣ የመጨረሻውን ወደ ውጭ ያጋደለ ክፍል ያለፈው ሌሊቱን ሙሉ በእጅ መዶሻ 28 ቀዳዳ እየበሳ ነው። በ1970 ይኸው ሰው ከዲን ካልድዌል ጋር እዚያው ግድግዳ ላይ 27 ቀን ተሰቅሎ ሌላ መንገድ አወጣ። ቡሎኑ በዛ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሮያል ሮቢንስ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሊነቅልለት ወጣ። እየነቀለ ጥቂት እንደሄደ፣ በቡሎኖቹ መካከል ያለው አወጣጥ የዋዛ አለመሆኑን አየና መንቀሉን ተወው፤ የቀረውን ሳይነካ ጨረሰው። ሰው ስለዚህ ታሪክ ሲያወራ የነቀለውን ይቆጥራል። እኔ የማስበው ግን መዶሻውን መልሶ ወገቡ ላይ የሰካባትን ደቂቃ ነው።

እዚህ ደን ውስጥ ሃይ ባይ አለ። የአለት ወጪዎቹ ማኅበራትና የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሥልጣኖች ተስማምተው አለቶቹን በሦስት መድበዋቸዋል፤ አንዱ ጋ ጭራሽ አይወጣም፣ አንዱ ጋ በነበረው መንገድ ብቻ ይወጣል፣ አዲስ የሚፈቀደው በሦስተኛው ነው። ያም ቢሆን አናቱ ላይ የበቀሉት ጥቃቅን ተክሎች እንዳይረገጡ መውረጃው ቀለበት ከጫፉ ዝቅ ይላል። ጭልፊት የፈለፈለበት አለት ደግሞ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይዘጋል።

አገር ቤት ሳለሁ አንድ ጊዜ ገርዓልታ ሄጄ አቡነ የማታ ጉሕን ተሳልሜአለሁ። ጫማ ይወልቃል፤ ከዚያ ቀጥ ያለ አለት ነው። የእጅና የእግር ማስገቢያዎቹ ከሰው ብዛት የተነሳ እንደ ተወለወለ ሸክላ ለስልሰዋል። ከሥሬ የነበረው የሠፈሩ ልጅ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ «ግራህን እዚህ፣ ቀኝህን እዚያ» እያለ እግሬን በእጁ ያስቀምጥልኝ ነበር። ደብረ ዳሞ ደግሞ 15 ሜትር ያህል በጠፍር ገመድ ተስቦ ነው የሚገባው፣ ያውም ለወንድ። ይህን ለአናጢው ስነግረው ስለ ገመዱ ምንም አላለኝም። «ማስገቢያዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ?» አለ። አልለካሁም። ትዝ ያለኝ እናቴም አብራኝ መውጣቷ ነው፤ እናቴ ከእኔም ታጥራለች።

ማጣበቂያው አድሮ ከደረቀ በኋላ አናጢው የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ገና አልጨረስኩትም፣ ቅድሚያ ስጡኝ ማለት ነው። ቁልፍ የለው፣ ዘበኛ የለው፤ አንዲት ጨርቅ ናት፣ ሰውም ያከብራታል። ስም ማውጣት የሠሪው ነው፤ እሱ ግን ለእኔ ተወልኝ። «ለዝንጀሮ» አልኩት። ትርጉሙን ሲሰማ ሳቀ፤ አጠራሩን አጥንቶ በደብተሩ ጻፈው፤ ከጎኑም የክብደቱን ደረጃ በእርሳስ፣ 8+ ብሎ። እናቲቱ እስከ ዛሬ አልሰሙም።

በጋውን ሙሉ ሞከረው። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀለበት መካከል ሁለት ጣት ብቻ የምታስገባ ጉድጓድ አለች፤ እዚያ ይወድቃል። ሠፈሩ በእንዲህ ያሉ ጉድጓዶች የታወቀ ነው። ቮልፍጋንግ ጉሊሽ በ1991 አክሲዮን ዲሬክት የተባለውን መንገድ ሊወጣ ጣቱን ያጠነከረው፣ ኑረምበርግ ውስጥ ካምፐስ በሚባል ስፖርት ቤት በተደረደሩ እንጨቶች ላይ እግሩን ሳያስነካ በመንጠላጠል ነው። አናጢው ይህን ሲያወራ ከሰውየው ይልቅ እንጨቶቹን ያገንናቸዋል። ደግሞ ይሞክራል። ይወድቃል፤ ይሳደባል፤ ቡና እንጠጣለን።

መስከረም ላይ ሁለት ልጃገረዶች መጡ። አንዷ ጨርቁን አየችና «ዝግ ነው?» አለች። አናጢው በፕላስተር የተጠቀለሉ ጣቶቹን አየ። ሄዶ ጨርቁን ፈታና ኪሱ ከተተው።

«ክፍት ነው።»

ቁመቷ ከእኔም ያንሳል። ሦስተኛው ቀለበት ጋ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ያቺ ስንዝር የእኔ ነበረችና። እሷ ግን እኔ የጨበጥኩትን ዞር ብላም አላየችው። በግራ በኩል፣ መዶሻው ስንት ጊዜ ባለፈበት ቦታ፣ አንዲት ሽንቁር ውስጥ ጣቷን ሰካች፤ ጋደል ብላ ገመዱን አሳለፈች። አናጢው ከጎኔ በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመ። ያቺ የፈረደባት ጉድጓድ ጋ ደግሞ እግሯን እስከ ወገቧ አንስታ ሰቀለችና አለፈች።

ስትወርድ ስሙን ጠየቀች፤ ነገርናት። ትርጉሙን ለመናገር ትንሽ አፈርኩ፤ እሱንም ነገርኳት። «ስንት ትሰጪዋለሽ?» አላት አናጢው። እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች አሰበች። «8። ከዚያ አይበልጥም።»

ደብተሩን አወጣ፤ ከጆሮው ላይ የአናጢ እርሳሱን አውርዶ ቀድሞ ለወጣ ሰው በተተወው መስመር ላይ ስሟን ጠይቆ ጻፈ። ላጲስ አልነበረውም። የመደመሯን ምልክት በጥፍሩ ፋቃት።