ቡናው እስኪፈላ ለፍሬሽማኖች

ጀበናው ተጥዷል። እስኪፈላ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ኢንጂነሪንግ ያሰባችሁ ልጆች ጠጋ በሉና እንጫወት።

«ምርምር የማስተርስ ተማሪ ሥራ ነው፤ እኛ ገና ማትስና ፊዚክስ ላይ ነን፣ ዲፓርትመንት እንኳ አልደረሰንም» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። «አንደኛ ዓመት ተማሪ ለምርምር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብዙ አይለጠፍም። እኔ ግን ሥራ የበዛበት ሰው ፈልጉ እላለሁ።

ቡና ላይ ነንና በቡና ላስረዳ። ሲሚንቶን በከፊል በቡና ገለፈት አመድ መተካት አገራችን ውስጥ የሚጠና ጉዳይ ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ይህን ርዕስ ያዘ እንበል። አመዱን በአምስት ዓይነት መጠን ይቀላቅላል። ለእያንዳንዱ መጠን በ7ኛው ቀን ሦስት፣ በ28ኛው ቀን ሦስት የኮንክሪት ኪዩብ ይሰብራል። 30 ኪዩብ መሆኑ ነው። በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ኪዩብ ብቻ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ገለፈቱን ማቃጠል፣ አመዱን መንፋት፣ ኮንክሪቱን ማቡካት፣ ሻጋታውን ዘይት መቀባት፣ በማግስቱ ፈትቶ ውኃ ውስጥ መክተት... ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ደግሞ 28ኛው ቀን እሑድ ቢውልስ?

የእናንተ ቦታ እዚህ ጋ ነው። ኪዩቡን ከገንዳው አውጥታችሁ ትጠርጋላችሁ፣ ትመዝናላችሁ። ማሽኑ እየተጫነው ቁጥሩ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ድንገት ጧ! ኪዩቡ ይሰነጠቃል። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ታሰፍራላችሁ። «ከአንድ ቡኮ የወጡ ሦስት ኪዩቦች ለምን የተለያየ ቁጥር ሰጡ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ዕለት ምርምር ውስጥ ገብታችኋል።

ማን መቼ እንደሚሰብር የሚያውቀው የላብራቶሪው ቴክኒሻን ነው። ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ክፍል የለኝም፤ የማግዘው ሥራ ይኖር ይሆን?» በሉ። ቃል ከገባችሁ ግን ተገኙ፤ 28ኛው ቀን ፈተና አለብኝ ቢሉት አይጠብቅም። መምህር ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ አንብቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጽሑፎች በኢንተርኔት በነፃ ታገኛላችሁ። መጨረሻው ላይ «ወደፊት ይጠና» የተባለውን ክፍል አትዝለሉ፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ይዞ የሚገባ ተማሪ «ሥራ አለ ወይ?» ብሎ ከሚገባው ይልቅ ወንበር ይሳብለታል።

አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የተባለው ተቋም በማርጋሬት ማክቪካር መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1969 ዩሮፕ የሚባል ፕሮግራም ከፍቶ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር ምርምር ላይ ማሰለፍ ጀመረ። የአንደኛ ዓመት ተማሪም ይገባበታል። የእኛ ላብራቶሪዎች በዕቃ ባይስተካከሉት እንኳ ይህን ለመጀመር መዝገብና ፈቃደኛ መምህር ይበቃል።

ስለዚህ እናንተ መምህራን፣ አንድ ፍሬሽማን በራችሁን ሲያንኳኳ «ሦስተኛ ዓመት ስትደርስ ና» አትበሉት። ጓንትና መዝገብ ስጡት።