ግመል ያልዘለቀው የቡሬ መንገድ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ ፍኖተ ሰላምን ያገኛሉ። ልጆችዎ የከተማዋን ስም ትርጉም ቢጠይቁዎ “የሰላም መንገድ” ይበሏቸው። ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበርና ስሙን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ አገር ያለፉት ከስደት ሲመለሱ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ገቡ። ለዘመቻው ስንቅና ጥይት የጫኑ ወደ 15 ሺህ ግመሎች ተሰማርተው ነበር። የበረሃ እንስሳ ግን የጎጃምን ዳገት፣ ድንጋይና ብርድ አልቻለም። ግመሎቹ በየመንገዱ ወድቀው ቀሩ፤ አዲስ አበባ የደረሱት 50 ገደማ ብቻ ናቸው።

ደጋው የተከፈተው በአገሬው ሰው ነው። እነ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ የጎጃም አርበኞች ለዓመታት ጠላትን እረፍት ነሥተውታል። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በቡሬ አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በገበያ ቀን ከደረሱ በርበሬና እህል የጫኑ አህዮችና በቅሎዎች ያጋጥሙዎታል። መኪናዎን ቀስ አድርገው ለልጆችዎ ያሳዩአቸው፤ ግመል ያቃተውን ዳገት ዛሬም የሚወጡት እነሱ ናቸው።

መንገዱ እንደ ከተማዋ ስም ሰላም ሲሆን ቤተሰብዎን ይዘው ይሂዱ። የቡሬን በርበሬ ሳይገዙ ግን አይመለሱ።