ዓይን ያለው ሙልሙል

ይችን ጽሑፍ የምጽፋት በግራ እጄ ነው። የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ትናንት ምጣድ ፈጅቷቸዋል። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር ደሞ ከምጣድ ጋር ምን አገናኘው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ ላስረዳችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ የሰለቸው ሳያስፈቅድ መውጣት ይችላል፣ ዛሬ ስም አልጠራም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነው። አሜሪካ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ፎቶ ላከችልኝ። ብራውኒ የሚሉት የቸኮላት ኬክ አራት ማዕዘን ተደርጎ ተቆራርጧል፤ በላዩ በነጭ ክሬም የሸረሪት ድር ተሥሎበታል። አንዱ ሁለት ዓይን አለው፣ አንዱ የሌሊት ወፍ ክንፍ አለው፣ አንዱ እንደ ተገነዘ ሬሳ በነጭ ተጠቅልሏል። ከሥሩ "ቲቸር፣ የዚህ አገር ቡሄ ይሄ ነው" ብላ ጽፋለች። ሃሎዊን ማለቷ ነው። በነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ማታ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው፣ ጭምብል አጥልቀው በየቤቱ እያንኳኩ ጣፋጭ ይጠይቃሉ።

ፎቶውን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ፣ "ውይ ልጄን፣ አረረባት?" አለች።

ስቄ ስቄ ለልጅቷ ጻፍኩላት። እሷም ስቃ ስታበቃ አንድ ነገር ነገረችኝ። ያንን ሁሉ ጋግራ ያስጌጠችው ለልጇ ጓደኞችና ለምታውቃቸው ጎረቤቶች ብቻ ነው። በር ለሚያንኳኩት ልጆች የሚሰጠው በፋብሪካ የታሸገ ከረሜላ ነው። ወላጆች ከማያውቁት ቤት የመጣ፣ በሰው እጅ የተጋገረ ነገር ልጆቻቸው እንዲበሉ አይፈልጉም። "እኛ እኮ የማንን ሙልሙል እንደበላን እንኳ ሳናውቅ ነው ያደግነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የቡሄ ማታ ከሃያ ቤት የተሰበሰበ ሙልሙል አንድ ስልቻ ውስጥ ይደባለቃል። የጠገበው ቤትም የተቸገረው ቤትም አብረው ይበላሉ። ማን ጋገረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይሄ ነገር ከጥቅምት ጀምሮ ውስጤ ቀረ።

ዘንድሮ ቡሄ ሲደርስ ቤታችን ጋጋሪ አልነበረውም። ባለቤቴ ልትወልድ ስለደረሰች እናቷ ዘንድ ሄዳለች። እናቴ ደግሞ እጇን ቁርጥማት ይዞታል፣ ሊጥ ማሸት አትችልም። "ዘንድሮ ከዳቦ ቤት ገዝተን እንስጣቸው" ስላት ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። "እሺ፣ እኔ እጋግራለሁ" አልኩ። ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ከመሬት ዘላ "እኔም!" አለች።

እንደምታውቁት ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። እርሾ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ስኳሩን በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፣ ጋዙ ሊጡ ውስጥ ታፍኖ ዳቦውን ያነሳዋል እያልኩ ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ሰሌዳ ላይ ሁሌም ይነሳል። ነሐሴ 11 ማታ ያቦካሁት ሊጥ ግን ጠዋት ስከፍተው እንደ ጭቃ ተኝቶ አገኘሁት። እናቴ በጣቷ ጫን አድርጋ "በምን ውኃ ነው ያቦካኸው?" አለች። በቧንቧ ውኃ። "በነሐሴ? በጋፋት ብርድ? ይሄ እርሾ እኮ እንዳንተው ነው፣ ካልሞቀው አይነሳም።"

እዚህ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የምንኖረው። ጉና ከጎናችን ነው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብቅ ካለች እንግዳ ናት። ቡሃቃውን ጋቢ አልብሼ እሳቱ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ልጄ "ሊጡ ታመመ እንዴ?" እያለች በየአምስት ደቂቃው ገልጣ ታየዋለች። ሌላ ዱቄት በለብ ያለ ውኃ ጨምረን እንደገና አሸሁት። ወደ ቀትር ሲሆን ተነሣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

በዚህ መሀል ያች የብራውኒ ፎቶ ትዝ አለችኝና "እማዬ፣ ትንሽ እንቁላልና ቅቤ ብንጨምርበትስ?" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። "በፍልሰታ?" አለች። በቃ፣ አንድ ቃል። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሆነ ሙልሙል ቅቤም ወተትም እንቁላልም አያውቅም። ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨው፣ እርሾ። ደስ ያላት ጥቁር አዝሙድ ጣል ታደርግበታለች። ያ ሁሉ ጣዕም የሚመጣው ከመቡካቱና ከእሳቱ ነው።

ሙልሙል አድቦልቡሎ ምጣድ ላይ መደርደር ቀላል ይመስላል። አይደለም። እሳቱ ከበዛ ውጩ ያርና ውስጡ ሊጥ ይቀራል፤ ካነሰ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በባሕር ዛፍ እንጨት ነው የጋገርኩት። የመጀመሪያው ምጣድ አረረ። እናቴ ምንም አላለችም፤ "ይሄስ የአሜሪካው ነው" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ጣቴ የተፈጀው አክንባሎውን ያለ ጨርቅ ስከፍት ነው። ሁለተኛው ምጣድ ለሰው የሚታይ ሆነ። ሦስተኛው ላይ እናቴ "እህ" አለች። ከሷ አፍ "እህ" ማለት መቶ ከመቶ ነው።

ልጄ የድርሻዋን አንድ ሙልሙል ይዛ ጥግ ላይ ስትታገል ቆይታ አመጣችው። በጥቁር አዝሙድ ሁለት ዓይን ሠርታለታለች፣ አፍም አለው። ለካ ያንን ፎቶ እሷም አይታዋለች። እናቴ "ሙልሙል ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዓይን ያወጣው?" አለች። ልጄ "የሚመጡትን ልጆች እንዲያያቸው ነው" አለቻት። እናቴ ተቀብላ በሌባ ጣቷ ግንባሩ ላይ መስቀል ሠራችበትና ምጣዱ መሀል አስቀመጠችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ደብረ ታቦር የምንላት ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከዚያው ጌታ በሦስቱ ሐዋርያት ፊት ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ከገሊላው ተራራ ነው። በዓሉም ስሙ ደብረ ታቦር ነው። አባቶች እንደሚሉት በዚያ ቀን ብርሃኑ ስላልጨለመ እረኞቹ ልጆች ሳይመሽባቸው መስሏቸው ሜዳ ላይ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው፣ ጅራፉ የዚያ ከሰማይ የተሰማ ድምፅ ምሳሌ ነው፣ ሙልሙሉ ልጅ ፍለጋ የወጣ ወላጅ የያዘው ስንቅ ነው። ሌላውን እርሱት፤ ሙልሙል ማለት ውጭ ለቀረ ልጅ የተላከ ዳቦ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የቡሄ ሰሞን ጦርነቱ ከከተማችን ብዙም በማይርቅ ቦታ ነበር። ከባድ መሣሪያ ከጉና በኩል ሲያስተጋባ በጆሯችን ሰምተናል። እናቴ እንደ ወትሮዋ ጋገረች። አርባ ሙልሙል። ሰፌዱን ሞልታ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አንድም ልጅ አልመጣም። ሌሊቱን ሙሉ እንደተቀመጠች አደረች። ሙልሙሉ ደርቆ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሻይ እየነከርን በላነው። ከዚያ ወዲህ ሙልሙል ሳይ የሚታየኝ ያ ሰፌድ ነው። ከዚያ ደግሞ በ2015 ነሐሴ ክልላችን ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ስም መጥሪያዬ ላይ መልስ የማይሰጡ ስሞች በዙ።

ልጄ የተወለደችውም ያደገችውም በዚህ መሀል ነው። ባለፈው ሳምንት የሰፈር ልጆች ጅራፍ መለማመድ ሲጀምሩ አንዱ ከግቢያችን በር ላይ አንድ ጊዜ አጮኸው። ልጄ የያዘችውን ጥላ መሬት ላይ ተኛች። ማንም ሳያዛት። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንዳስተማርናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

አንስቼ አቀፍኳትና ማስረዳት ጀመርኩ። የጅራፉ ጫፍ ሲወናጨፍ ከድምፅ ይፈጥናል፣ በሰከንድ ከ300 ሜትር በላይ፣ ጷ የሚለው ለዚያ ነው፣ ጥይት አይደለም፣ ማንንም አይጎዳም። ሰምታኝ ስታበቃ "ታዲያ ለምን የጥይት ድምፅ አላቸው?" አለችኝ። ጥያቄው ተገልብጧል ወዳጆቼ። በኔ ልጅነት ጥይት የሰማ ልጅ "ጅራፍ ይመስላል" ነበር የሚለው።

ይሄ የኛ ጋፋት እኮ ድምፅ የማያውቅ አገር አይደለም። ሴባስቶፖል የተቀለጠው እዚሁ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ፈረንጆች መድፍ ሥሩ ብለው፣ እነሱም አናውቅበትም እያሉ፣ በስንት ሙከራ በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለውን መድፍ አወጡ። ያንን ብረት በተራራና በገደል ጎትተው መቅደላ አደረሱት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጧል። ተማሪዎቼን ወደ ኮረብታው ይዤ ወጥቼ የምድጃውን ቦታ ስንቴ አሳይቻለሁ። ስንት ጊዜ በኩራት አስረድቻለሁ። ትናንት ምድጃዬ ፊት ቁጭ ብዬ ጭሱ ሲያስለቅሰኝ ግን አንድ ነገር አሰብኩ፤ በዚያው ዘመን በዚችው መንደር ዳቦ ስትጋግር የነበረች ሴት ትኖር ነበር፣ የሷን ምድጃ ማንም አያስጎበኝም።

ነሐሴ 12 ማታ መጡ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በሩቅ ችቦ አየንና ልጄ እጄን ያዘች። ስምንት ልጆች ነበሩ፤ ድሮ ሃያም ሠላሳም ይሆኑ ነበር። ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። አውጪውን ወዲያው አወቅኩት፤ ተማሪዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ጎርንኗል። በግጥሙ መሀል ሲያየኝ ትንሽ አፈረና "እንዴት አመሹ ቲቸር" ብሎ ቀጠለ። ለእናቴ ሳይቀር ግጥም ወጣላት።

ሙልሙሉን እኔ አደልኩ። አንዱ "እትዬ፣ የዘንድሮው ለየት ይላል" ሲላት እናቴ "እሱ ነው የጋገረው" ብላ ጠቆመችኝ። የሳቁት ሳቅ እስከ ደብረ ታቦር ሳይሰማ አይቀርም።

ያ ልጅ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ነበር። ልጄ ከኋላዬ ሆና ታየዋለች። ነገሩ ስለገባው ነው መሰለኝ ቁጭ ብሎ ጅራፉን ዘረጋላት። "ንኪው፣ ቃጫ ነው" አላት። ነካችው። ጫፉን ይዛ ጎተተችው። "ላጩኸው?" አላት። ወደ እኔ አየች፣ ወደ እናቴ አየች፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘችና በራሷ "እሺ" አለች። ራቅ ብሎ ሄዶ አንድ ጊዜ አጮኸው። ዓይኗን ጨፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልተኛችም። ቆማ ቀረች። "ድገመው" አለችው።

ከዚያ ሮጣ ገብታ ያንን ዓይን ያለውን ሙልሙል አምጥታ ሰጠችው። አገላብጦ አየውና "ይሄማ እንዴት ይበላል!" ብሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው።

ሊሄዱ ሲሉ ለብቻው ጠርቼ "መስከረም ላይ እንገናኛለን?" አልኩት። መሬት መሬት እያየ "እናያለን ቲቸር" አለ። ሌላ ልጨምር አስቤ ነበር። ጓደኞቹ ጠሩት፤ ሮጠ። ስሙ አሁንም ስም መጥሪያዬ ላይ አለ፣ አልሰረዝኩትም።

ከጋገርኩት ሠላሳ ሁለት ሙልሙል ዛሬ ሰፌዱ ላይ አራት ቀርቷል። እናቴ ጠዋት ሰፌዱን አይታ "ተመስገን" ብቻ አለች። ሌላ አላለችም፤ ገብቶኛል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ትምህርት ያቋረጠ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ መስከረም ላይ እንዲመዘገቡ ገፋ አድርጓቸው። መንገድ ካስቸገራቸው፣ ደብተር ከቸገራቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የምችለውን እናደርጋለን። አንቺ የአሜሪካዋ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጥቅምት ፎቶ ላኪልን፤ ጾም ስላልሆነ እንቁላሉንም ቅቤውንም እንሞክረዋለን። ልጄ ሸረሪት እሠራለሁ ብላለች። እናቴ "ካረረ ግን አልቀምስም" ብላለች።

እንኳን ለብርሃነ ደብረ ታቦር አደረሳችሁ!